ንቅሳት፣ ጥላሸትና የእንስሳ ምስል፤ ከመካነ ሰላምና ከምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ አንጻር የቀረበ የቃላት ታሪክ

1. መነሻ

አንድ ተርጓሚ በጥቁር ቀለም በሰውነት ላይ ስለሚነቀሱ የእንስሳት ምስሎች ትርጉምና የአሠራር ሥልት የሚያትት የውጭ ቋንቋ ጽሑፍ ቢቀርብለት፣ ሥራው በመጀመሪያ እይታ ቀላል ሊመስለው ይችላል። «ንቅሳት» የሚለው ቃል ከጥንት ጀምሮ ያለ ነው፤ «ጥቁር ቀለም»ም «እንስሳ»ም እንደዚሁ። ሦስቱን አያይዞ «የእንስሳት ንቅሳት በጥቁር ቀለም» ቢል የተሳሳተ አይመስልም። ይሁን እንጂ ሦስቱም ቃላት በአማርኛ የየራሳቸው ታሪክ አላቸው፤ ይህም ታሪክ ከባዕዱ ጽሑፍ ታሪክ ጋር አይገጥምም። በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ይህንኑ አለመግጠም ነው።

ምርመራችንን በአንድ አካባቢ ላይ መመሥረት መርጠናል፤ ይኸውም መካነ ሰላምና በዙሪያዋ ያለው የምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ ነው። ልናሳይ የምንፈልገው ነጥብ አንድ ነው፤ በዚህ አገር ንቅሳት ምልክት እንጂ ሥዕል አልነበረም። መስመሩ፣ ነጥቡና መስቀሉ በሰው ቆዳ ውስጥ ሲገቡ፣ እንስሳው ግን በብራና ላይ፣ በጦረኛው ትከሻ ላይና በፈረስ ስም ውስጥ ቀርቷል። ይህን ሳያስተውሉ መተርጎም ሁለት ጉዳት ያስከትላል። አንደኛው፣ ባዕድ ሥዕል ያመጣው ትርጉም በእናቶቻችን አንገትና ግንባር ላይ ባለው ምልክት ላይ መጫኑ ነው። ሁለተኛውና የከፋው፣ ስለዚያ ምልክት የሚሰጥ ምስክርነት ወደ ሌላ ቋንቋ ሲመለስ፣ ድርጊቱን ማን እንደ ፈጸመና ማን እንደ ፈቀደ መጥፋቱ ነው።

2. አካባቢው

መካነ ሰላም የቦረና ወረዳ ዋና ከተማ ናት፤ ስሟ ከግእዝ የተገኘ ሲሆን «የሰላም ስፍራ» ማለት ነው። ከምዕራብ የዓባይ ሸለቆ፣ ከሰሜን የበሽሎ ወንዝ የሚያካልሉት ይህ ደጋ፣ ሳይንትን፣ ወግዲን፣ ከላላንና ለጋምቦን ይዞ፣ የመካከለኛው ዘመን ምንጮች «አምሐራ» ወይም «ቤተ አምሐራ» እያሉ ከሚጠሩት ጥንታዊ አገር ውስጥ ይገኛል። የቋንቋችንም ስም የመጣው ከዚሁ የአገር ስም ነው። በሳይንት የምትገኘው ተድባበ ማርያም፣ እ.ኤ.አ. ከ1468 እስከ 1478 የነገሡት ዐፄ በእደ ማርያም ያሠሯት አትሮንሰ ማርያም፣ ዐፄ ናዖድ ጀምረዋት ልጃቸው ዐፄ ልብነ ድንግል የፈጸሟት መካነ ሥላሴ የዚሁ ጥንታዊ አገር አድባራት ናቸው። አካባቢው ብራና የሚፋቅበት፣ ቀለም የሚበጠበጥበትና መጻሕፍት የሚጻፉበት አገር እንደ ነበረ ከዚህ እንረዳለን። ከ16ኛው መቶ ዓመት ወዲህ ደግሞ እስልምናና ክርስትና በአንድ መንደር፣ አንዳንዴም በአንድ ቤተ ዘመድ ውስጥ ጎን ለጎን ኖረውበታል፤ የኦሮምኛም አሻራ በቦታና በጎሣ ስሞች ላይ ጎልቶ ይታያል።

በዚሁ ደጋ፣ ቀድሞ «ደንቆሮ ጫካ» ይባል የነበረውና ዛሬ የቦረና ሳይንት ወረሂመኖ ብሔራዊ ፓርክ አካል የሆነው ደን ይገኛል። ጭላዳ፣ ነብር፣ ጅብ፣ ድኩላና ቀይ ቀበሮ ይኖሩበታል። እንግዲህ ከእንስሳው ጋር ዕለት ተዕለት የሚገናኝ፣ ቀለም መሥራትንም የሚያውቅ፣ ቆዳ መንቀስንም የለመደ ሕዝብ ነው። ሦስቱ ነገሮች በአንድ አገር ተገኝተው ሳለ በሰው ቆዳ ላይ አለመገናኘታቸው ስለዚህ የሚያስተውሉት ነገር ነው።

3. «ነቀሰ» እና ዘመዶቹ

«ነቀሰ» በአማርኛ ሁለት የታወቁ ፍቺዎች አሉት። አንደኛው በመርፌ ወይም በሹል እንጨት ከሥጋ ውስጥ እሾህ ማውጣት ነው፤ «እሾህ ነቀሰለት» እንላለን። ሁለተኛው ቆዳን እየወጉ ጥላሸት በማስገባት የማይጠፋ ምልክት ማበጀት ነው። ፍቺዎቹ ተቃራኒ ይመስላሉ፤ አንደኛው ከቆዳ ያወጣል፣ ሁለተኛው ወደ ቆዳ ያስገባል። በመሆኑም መዝገበ ቃላት አዘጋጅ ሁለት የተለያዩ መግቢያ ቃላት አድርጎ ሊለያያቸው ይቃጣው ይሆናል። እኛ ግን አንድ መግቢያ ቃል ሥር መቅረብ ይገባቸዋል እንላለን። መሣሪያው አንድ ነው፤ የእጁ ሥራ አንድ ነው፤ ሁለቱንም የሚያስተሳስረው ዋና ሐሳብ «ቆዳን በሹል ነገር በጥንቃቄ መክፈት» የሚለው ነው። ይህን የሚያጠናክር ማስረጃ በዐረብኛም እናገኛለን፤ «ነቀሸ» የሚለው ግስ ቀረጸ፣ አስጌጠ ማለት ሲሆን፣ እሾህ ነቀሰ ለማለትም ያገለግላል፤ እሾህ የሚነቀስበት ወረንጦም «ሚንቃሽ» ይባላል።

የቃሉ ቅርጽም ልብ ሊባል ይገባዋል። «ንቅሳት» የተቀረጸው «ስብራት»፣ «ውልቃት» እና «ብጣት» በተቀረጹበት መልክ ነው። አንዳንድ ተናጋሪዎች ለድድ ንቅሳት የሚጠቀሙበት «ውቅራት» የሚለውም ቃል ከዚሁ ወገን ነው፤ ይህ ቃል ወፍጮ ከሚወቀርበትና ቋጥኝ ተወቅሮ ቤተ ክርስቲያን ከሚሆንበት ግስ የወጣ ነው። እነዚህ ስሞች ሁሉ አንድ ጠባይ አላቸው፤ ድርጊት ካለፈ በኋላ በአካል ላይ የቀረውን ነገር ይሰይማሉ። «ሥዕል» እና «ምስል» ግን ከሌላ ጎራ ናቸው፤ የሌላውን ነገር መልክ መያዝን ያመለክታሉ። ስለዚህ «ንቅሳት» በአፈጣጠሩ የሚነግረን ቆዳው ምን እንደ ደረሰበት እንጂ ምን እንደ ተሣለበት አይደለም።

ከእንስሳ ጋር የተያያዘው የወግ ግስ ሌላ ነው፤ እርሱም «ነደፈ» ነው። ንብ ትነድፋለች፣ እባብ ይነድፋል፤ ሐሳብ አፍላቂም ዕቅድ ይነድፋል፣ ሠዓሊም ንድፍ ያወጣል። በ«ነቀሰ» ሰው ሰውን ይወጋል፤ በ«ነደፈ» እንስሳ ሰውን ይወጋል፤ ወደ ሥዕል የተሻገረው ግን የሁለተኛው ግስ ነው። ከዚህ የምንረዳው፣ አማርኛ ከሹል ነገር ወደ ሥዕል የሚወስድ የፍቺ መንገድ ያላጣ መሆኑን ነው፤ በ«ንቅሳት» በኩል ግን በዚያ መንገድ አልሄደም።

4. የግሱ አምዶችና የፈቃድ ጥያቄ

ለተርጓሚዎች ከሁሉ በላይ ጠቃሚ ሆኖ ያገኘነው የግሱ እርባታ ነው። «ነቀሰች» ስንል ባለሙያዋን እንናገራለን። «አስነቀሰች» ስንል ሌላ ሰው እንዲነቀስ ያደረገችውን፣ አብዛኛውን ጊዜ እናትን ወይም አክስትን እናመለክታለን። «ተነቀሰች» ስንል ግን ሁለት ነገር ልንል እንችላለን፤ ፈቅዳ፣ ወድዳ፣ ሄዳ ተነቀሰች፤ ወይም ይዘው ነቀሷት። የ«ተ» አምድ ሁለቱንም ይሸከማል። «ታጠበች» እና «ተመታች» በአንድ አምድ እንደሚገኙ ሁሉ፣ «ተነቀሰች» በመካከላቸው ቆሞ ይገኛል።

ይህ የሰዋስው ረቂቅ ነጥብ ብቻ አይደለም። በአማራ ደጋ በብዛት የሚነቀሱት ሴቶች፣ ያውም ገና በልጅነታቸው፣ ከጋብቻ በፊት ነበሩ። በጎረምሳነት እድሜ ከእኩዮቿ ላለማነስ ለምና የተነቀሰች እንዳለች ሁሉ፣ እጇና እግሯ ተይዞ የተነቀሰችም አለች። አንዲት አሮጊት «በልጅነቴ ተነቀስኩ» ስትል፣ ተርጓሚው በውጭው ቋንቋ ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ይገደዳል። «ራሴን አስጌጥሁ» የሚል ትርጉም ቢሰጠው ሕመሙን ይሰርዛል፤ «ተገድጄ ነበር» የሚል ትርጉም ቢሰጠው ደግሞ ምርጫዋንና ኩራቷን ይነጥቃታል። ስለሆነም ምስክርነት የሚሰበስብ ሰው «ማን ነቀሰሽ? ማንስ አስነቀሰሽ?» ብሎ መጠየቅ ይኖርበታል። ሁለቱ ጥያቄዎች በአማርኛ በሁለት ፊደላት ጭማሪ ይለያያሉ፤ እነዚህን ፊደላት መዝለል ግን ታሪክን መዝለል ይሆናል።

«ንቅሳታም» የሚለው ቅጽልም እንዲሁ ሁለት ፊት አለው። በዘፈንና በሙገሳ ውበት ነው፤ በከተማ አፍ ግን «ባላገር» የሚል ንቀት ሊያዝል ይችላል። መዝገበ ቃላት ፍቺውን ብቻ ሰጥቶ ይህን የአነጋገር ልዩነት ሳያመለክት ቢያልፍ ለተርጓሚው ግማሽ እውነት ብቻ ይሰጠዋል።

5. ጥላሸት፣ ቀለምና ማየ ሕመት

የደጋው ንቅሳት መሠረታዊ ግብዓት ጥላሸት ነው፤ ከምጣድና ከድስት ሥር ወይም ከኩራዝ ጭስ ይሰበሰብና በዕፅዋት ጭማቂ ወይም በሌላ ፈሳሽ ይለወሳል። መሣሪያው መርፌ፣ መርፌ ከመዳረሱም በፊት እሾህ ነው። ጥላሸት ጥቁር ቢሆንም ከቆዳ በታች ሲቀመጥና ቁስሉ ሲሽር ወደ ሰማያዊ ወይም አረንጓዴ ያደላ መስሎ ይታያል፤ ስለዚህ በውጭ ጸሐፊዎች «ሰማያዊ ንቅሳት» ተብሎ የተገለጸውን ተርጓሚው ሌላ ቀለም የገባበት አድርጎ መውሰድ የለበትም።

«ቀለም» የሚለው ቃል ደግሞ በአማርኛ ሰፊ ነው። ዓይን የሚለየውን መልክ፣ የሚጻፍበትን ፈሳሽ፣ የሚቀባውን ነገር፣ እንዲሁም ትምህርትን ያመለክታል፤ «ቀለም ቆጠረ»፣ «የቀለም ቀንድ» እንላለን። በመሆኑም «በጥቁር ቀለም» የሚለው ሐረግ «መልኩ ጥቁር የሆነ» ወይም «በጥቁር የጽሕፈት ቀለም የተሠራ» ተብሎ ሊነበብ ይችላል። የቤተ ክርስቲያን ጸሐፍት የሚጽፉበት ጥቁር ቀለም በጥላሸት፣ በተቃጠለ እህልና በቅጠላ ቅጠል የሚዘጋጅ ሲሆን፣ በግእዝ «ማየ ሕመት» ይባላል፤ «የጥቀርሻ ውኃ» ማለት ነው። እንግዲህ የመጽሐፉ ጥቁርና የንቅሳቱ ጥቁር ምንጫቸው አንድ ነው። ነገር ግን የሕዝቡ አነጋገር ለየብቻ ይዟቸዋል፤ በብራና ላይ ሲያርፍ «ቀለም»፣ በቆዳ ውስጥ ሲገባ «ጥላሸት» ነው። ያው ጥላሸት በሌላ በኩል የውርደት ቃል ነው፤ «ስሙን ጥላሸት ቀባው» ይባላል። ሴት ልጅ በአንገቷ እንደ ጌጥ የምትይዘው ነገር በሰው ስም ላይ ሲቀባ ነውር መሆኑ፣ የቃላት ፍቺ ከቦታቸው ተነጥሎ የማይታይ መሆኑን ያስረዳል።

6. የደጋው ንቅሳት ቅርጽና ትርጉም

በአካባቢው የሚታወቁት የንቅሳት ቅርጾች ጥቂትና ቁጥብ ናቸው። በክርስቲያን ሴቶች ግንባር ላይ መስቀል ይነቀሳል። በአንገት ዙሪያ መስመሮች እንደ ድሪ ይደረደራሉ። በአገጭና በመንጋጋ ላይ ነጥቦችና አጫጭር መስመሮች ይወርዳሉ፤ የእጅ ጀርባም መስቀልና ነጥብ ይይዛል። ድድም ይነቀሳል፤ የጠቆረው ድድ የጥርስን ንጣት አጉልቶ ያሳያል። በአነጋገር «ጥርሷን ተነቀሰች» ይባላል እንጂ የሚነቀሰው ድዱ ነው፤ ይህንንም ተርጓሚ ቃል በቃል እንዳይመልሰው ማሳሰብ ያስፈልጋል።

አገልግሎቱ ሦስት ዐይነት ነበር ማለት ይቻላል። አንደኛ፣ ጌጥ ነው፤ ብርና ዛጎል ለሌላት ልጅ የማይሸጥና የማይሰረቅ ጌጥ ነው። ሁለተኛ፣ የእምነት ምልክት ነው፤ መስቀሉ ይህን ያሳያል። ሦስተኛ፣ መድኃኒት ነው፤ በደጋው አገር በአዮዲን እጥረት ለሚመጣው እንቅርት አንገትን መንቀስ እንደ ፈውስ ይቆጠር ነበር። በአንጻሩ ዘመናዊው የጤና ትምህርት፣ ለብዙ ሰው በሚያገለግል አንድ መርፌ ምክንያት የሚተላለፈውን በሽታ እያስረዳ፣ ልማዱን «ጎጂ ልማዳዊ ድርጊት» በሚለው ስያሜ ሥር አስገብቶታል። ሃይማኖቶቹም በጽሑፋቸው አይደግፉትም፤ በኦሪት ዘሌዋውያን 19፥28 የተቀመጠው ክልከላ በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ በ«ነቀሰ» ግስ ተገልጿል፤ በእስልምናም ንቅሳት በሐዲስ የተወገዘ ነው። እንዲህም ሆኖ ልማዱ ለዘመናት ኖሯል።

ንቅሳት በሴቶች የመዋቢያ ቃላት ጎራ ውስጥ ያለው ስፍራም ሊመዘገብ የሚገባው ነው። እንሶስላ ይሞቃል፤ ኩል ይኳላል፤ ሹሩባ ይሠራል፤ ንቅሳት ይነቀሳል። እያንዳንዱ ነገር የራሱ ግስ አለው፤ አንዱን በሌላው መተካት ጆሮን ይቆረቁራል። ከእነዚህ መካከል የማይታጠበውና የማይፈታው ንቅሳት ብቻ ነው።

ከንቅሳት መለየት ያለባቸው ሌሎች ምልክቶችም አሉ። ቆዳን በስለት ሰንጥቆ ጠባሳ ማበጀት «በጣ» ሲሆን፣ በጋለ ብረት ምልክት ማድረግ «ተኮሰ» ነው። እ.ኤ.አ. ከ1520 እስከ 1526 በኢትዮጵያ የቆየውና በአምሐራ አገር ያለፈው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ፣ በሰዎች አፍንጫና ቅንድብ መካከል ያየውን ምልክት ሲገልጽ፣ በእሳት ሳይሆን በቀዝቃዛ ብረት፣ ለውበትና ለዓይን ጤና ሲባል እንደሚደረግ ዘግቧል። ይህን ዘገባ ወደ አማርኛ የሚመልስ ሰው «ተኮሰ»ንም «ነቀሰ»ንም ትቶ «በጣ»ን መምረጥ ይኖርበታል፤ ሦስቱ ግሶች በታሪክ ምንጭ ንባብ ላይ የሚያመጡት ልዩነት በዚህ ይታያል።

7. እንስሳው የት ነበር?

እንስሳው ከሰው ቆዳ ቢርቅም ከአገሩ ጥበብ አልራቀም። በአብያተ ክርስቲያናት ግድግዳና በመጻሕፍት ውስጥ ገጸ ሰብእ፣ ገጸ አንበሳ፣ ገጸ ላህምና ገጸ ንስር ያላቸው አርባዕቱ እንስሳ ይሣላሉ፤ በዓላቸውም ኅዳር 8 ቀን ይከበራል። የቅዱስ ጊዮርጊስ ፈረስና ደራጎንም በየቤተ መቅደሱ አሉ። በክታብ ላይ ደግሞ ደብተራው በጥቁርና በቀይ ቀለም ጠልሰም ይሥላል፤ በጠልሰሙም ውስጥ አንበሳ፣ እባብና ወፍ ይገኛሉ። ጥቅል ክታብ በባለቤቱ ቁመት ልክ የሚዘጋጅ ነው፤ ከራስ እስከ እግር እንዲጠብቀው ይታሰባል። እዚህ ላይ ልብ እንበል። በጥቁር ቀለም የተሣለው እንስሳ ከሰው አካል ጋር ይዛመዳል፣ በአንገት ይንጠለጠላል፣ በቁመት ይለካል፤ ነገር ግን የተሣለው በበግ ወይም በፍየል ቆዳ ላይ ነው። መስቀሉ በሰው ቆዳ፣ አንበሳው በእንስሳ ቆዳ ላይ ሆነው ተከፋፍለዋል።

በጦር ሜዳም እንዲሁ ነው። ጀግና አንበሳን በክንዱ ላይ አልተነቀሰም፤ ጎፈሩን በራሱ ላይ ደፋ፣ ለምዱን በትከሻው ላይ ጣለ። መኳንንቱም በፈረስ ስም ተጠሩ፤ የወሎው ንጉሥ ሚካኤል «አባ ሻንቆ» ይባሉ ነበር። በእንስሳው ላይ ያለው ተፈጥሯዊ ምልክት ራሱ የበለጸገ ስያሜ አለው፤ ጉራች፣ ዳማ፣ ቡላ፣ ቦቃ እንላለን፤ ከነዚህም እንደ «ጉራች» ያሉት ከኦሮምኛ የመጡ ናቸው። በአጭሩ፣ በዚህ አገር ሰው ከእንስሳው የሚወስደው ቆዳውን፣ ስሙንና ግርማውን ነው፤ ምስሉን በገላው አልያዘም። ንቅሳቱ የተሰጠው ሥራ ማስጌጥ፣ እምነትን መግለጥና መፈወስ ስለ ነበረ፣ እንስሳው በዚያ የሚሠራው ሥራ አልነበረውም ብለን እናምናለን።

8. በሌላው ዓለም

የደጋው ሁኔታ የአፍሪካ ሁሉ ሁኔታ አይደለም። በላይኛው ግብፅ ከገበለይን የተገኘውና በብሪታንያ ሙዚየም የሚገኘው፣ ከ5 ሺህ ዓመት በላይ ዕድሜ ያለው የአንድ ወንድ በድን፣ በክንዱ ላይ የሁለት ባለ ቀንድ እንስሳት፣ ይኸውም የዱር ኮርማና የዱር በግ ምስል እንዳለበት እ.ኤ.አ. በ2018 (በ2010 ዓ.ም.) በታተመ ጥናት ተገልጿል፤ የተነቀሰውም በጥላሸት ነው። በአልታይ ተራሮች በፓዚሪክ መቃብር እ.ኤ.አ. በ1948 የተገኘው የአለቃ በድንም በተጠማዘዙ አውሬዎች የተሸፈነ ነበር። በሌላ ወገን፣ በአልፕስ በረዶ ውስጥ የተገኘውና ወደ 5,300 ዓመት የሚጠጋው ሰው 61 ንቅሳት ሲኖሩት፣ ሁሉም መስመርና መስቀለኛ ምልክት ብቻ ናቸው፤ ብዙዎቹም በመጋጠሚያው አካባቢ በመገኘታቸው ለሕክምና የተደረጉ እንደሆኑ ይታመናል። የወሎው ንቅሳት ከዚህኛው ወገን ነው።

በኢትዮጵያውያን ዘንድ ሥዕላዊ ንቅሳት ከሚገኝባቸው ጥንታዊ መንገዶች አንዱ የኢየሩሳሌም ጉዞ ነው። በዚያ ለምሥራቅ ክርስቲያን ተሳላሚዎች በእንጨት ማኅተም ንድፉን አትሞ መንቀስ የቆየ ሥራ ሲሆን፣ ጆን ካርስዌል የማኅተሞቹን ንድፎች እ.ኤ.አ. በ1956 አሳትሟቸዋል። ከመስቀሉ ጎን የቅዱስ ጊዮርጊስ ምስልም አለ። እንስሳው በሰው ቆዳ ላይ የወጣው እንግዲህ ቅዱሱን ተሸክሞ ወይም በቅዱሱ ተወግቶ ነው፤ ለብቻው ቆሞ አይደለም።

9. «ታቱ»ና የእንስሳት ትርጉም

ዛሬ በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች በኤሌክትሪክ መሣሪያ የሚሠራ ሥዕላዊ ንቅሳት አለ፤ አንበሳ፣ ንስር፣ ጊንጥ፣ ቢራቢሮ ይነቀሳል። ወጣቶች «ታቱ» ይሉታል። ቃሉ ከእንግሊዝኛ የመጣ ነው፤ እንግሊዝኛው ደግሞ ከካፒቴን ኩክ የ1769 (እ.ኤ.አ.) የታሂቲ ጉዞ በኋላ ከፖሊኔዥያው «ታታው» የወሰደው ነው። በዚያው ከተማ የአንገትና የግንባር ንቅሳታቸውን በሌዘር የሚያስጠፉ ሴቶች አሉ። አንደኛው ቃል የምርጫና የዘመናዊነት፣ ሁለተኛው የባላገርነት ስም እየሆነ መሄዱን የምንጠቅሰው በውሰት ቃል ላይ ጥላቻ ኖሮን አይደለም። ድርጊቱ አንድ ሆኖ ሳለ ክብሩ በስም ብቻ ከተከፈለ፣ መዝገበ ቃላት ለዚህ መከፋፈል ማኅተም መስጠት ስለማይገባው ነው።

የእንስሳቱንም ትርጉም በተመለከተ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። አንበሳ በብዙ አገር ጀግንነትና ንግሥና ነው፤ በአማርኛም ይገጥማል። ንስርም ቢሆን ብዙ አያስቸግርም። ጉጉት ግን በምዕራባውያን ጽሑፍ የጥበብ ምልክት ስትሆን፣ በእኛ ዘንድ የመጥፎ ነገር ምልኪ ናት። ቁራ በሰሜን አውሮፓ ተረት የምሥጢር ዐዋቂ መልእክተኛ ነው፤ በአማርኛ «የቁራ መልእክተኛ» ሄዶ የቀረ ነው። ጅብ ከቡዳ ጋር ይያያዛል። ተኩላ በባዕዱ ጽሑፍ የታማኝነትና የነጻነት ምልክት ሆኖ ቢመጣ፣ የአማርኛ አንባቢ የበግ ለምድ የለበሰውን ያስታውሳል። የደንቆሮ ጫካው ቀይ ቀበሮ ደግሞ በሳይንስ አመዳደብ ከተኩላ ወገን ሲሆን፣ ስሙ ግን «ቀበሮ» በመሆኑ ከብልጠትና ከ«ቀበሮ ባሕታዊ» ጋር ይተሳሰራል። ስለዚህ ተርጓሚው የእንስሳውን ስም ብቻ ሳይሆን ጸሐፊው ያሰበውን ጠባይ በግልጥ መጻፍ አለበት።

10. የምናቀርበው ሐሳብ

ከላይ በተዘረዘረው መሠረት ለስያሜ ሥራ የሚከተለውን እናቀርባለን።

አንደኛ፣ «ንቅሳት» የጥንቱንም የዛሬውንም የሚያጠቃልል ዋና ስያሜ ይሁን፤ «ታቱ» በንግግር የሚገኝ የውሰት ቃል ተብሎ ተመዝግቦ አንባቢውን ወደ «ንቅሳት» ይምራ።

ሁለተኛ፣ እንስሳ የተሣለበት ሲሆን «የአንበሳ ምስል ንቅሳት» ይባል። «የአንበሳ ንቅሳት» ቢባል «የ» ባለቤትነትንም ስለሚያመለክት፣ የተነቀሰው አንበሳው ይመስላል። ለጠቅላላው ዐይነት «ሥዕላዊ ንቅሳት»፣ ለጥንቱ «የምልክት ንቅሳት» ማለት ይቻላል።

ሦስተኛ፣ «እንስሳ» የጋራ ስያሜ ሆኖ ያገልግል። በዕለት ንግግር «እንስሳ» ለቤቱ፣ «አውሬ» ለዱሩ ያደላል፤ «አውሬ» ራሱ ከግእዙ «አርዌ» የመጣ ነው። ነገር ግን «አርባዕቱ እንስሳ» አንበሳንና ንስርን ጭምር የሚያቅፍ በመሆኑ፣ ሰፊው አጠቃቀም በጽሑፍ ባህላችን መሠረት አለው። የዱር መሆኑ ሲፈለግ ብቻ «አራዊት» ይባል።

አራተኛ፣ በሌላ ቀለም ያልተቀላቀለው የዛሬው ሥልት «በጥቁር ብቻ የተሠራ ንቅሳት»፣ የጥንቱ «የጥላሸት ንቅሳት» ይባል።

አምስተኛ፣ ምስክርነት ሲተረጎም «ተነቀሰች» ለብቻው አይወሰድ፤ ነቃሿና አስነቃሿ ከዐውዱ ይፈለጉ፤ ከዐውዱ ካልተገኙም ተርጓሚው ድርብነቱን በማስታወሻ ያመልክት።

በመጨረሻም፣ ለቃላት ሰብሳቢዎች አንድ ማሳሰቢያ እናክላለን። በመካነ ሰላም፣ በሳይንት፣ በወግዲና በከላላ ገበያዎች ንቅሳቱን በገላቸው የያዙት ሴቶች ዛሬ አረጋውያን ናቸው። ልማዱን ለማስቀጠል የሚያበቃ ምክንያት የለም፤ ቃላቱን ለማጣት ግን ከዚያ ያነሰ ምክንያት ነው ያለው። የእያንዳንዱ መስመር ስም፣ የመርፌው አያያዝ፣ የጥላሸቱ አለዋወስ፣ ለነቃሿ የሚሰጠው ዋጋና ከሁሉ በላይ እነርሱ ራሳቸው የሚጠቀሙበት የግስ አምድ በጥንቃቄ ይመዝገብ። «ነቀሱኝ» ካለች «ነቀሱኝ» ተብሎ፣ «ተነቀስኩ» ካለች «ተነቀስኩ» ተብሎ ይጻፍ። ትርጓሜው ከዚያ በኋላ ይደርሳል።